ምላጭ የገባበት ራዲዮ

ትናንት ከመገናኛ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ስፒከሩ የተቀደደ ነበር። ተሳፋሪው "ዝጋው በናትህ" እያለ ረዳቱን ሲጨቀጭቅ እኔ ብቻ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ያ ሻካራ ድምፅ እጄን ይዞ አሥመራ፣ ጥራቮሎ ሰፈር፣ የአባቴ ቤት አስገባኝ።

ወንድሜ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ስድስት። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ አቋቁሞ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክለብ ውስጥ ሊፈተኑ ቀጠሮ ይዘው ነበር። የሙጥኝ ያሏት አንዲት ትንሽ ሸክላ ነበረች፤ የእንግሊዝ ጎረምሶች ስማቸው የገነነባት የመጀመሪያ ዘፈናቸው። ጊታሩ እንደ ሌላው ጊታር ጥርት ብሎ አይሰማም፣ ያጉረመርማል። የኛዎቹ ቢሉ ቢሠሩ ያ ድምፅ አልወጣ አላቸው። ከበሮ መቺው መደበር፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ሰፈር፣ ራዲዮ ይጠግን ነበርና ሸክላዋን ሰምቶ ሳቀ። "ይሄማ ወረቀቱ የተቀደደ ስፒከር ነው" አለ።

ቤታችን ውስጥ የነበረው ስፒከር የአባቴ ራዲዮ ብቻ ነበር። አባቴ ከባቡር ጣቢያ ሥራው ሲመለስ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከውጭ አገር በትግርኛ የሚተላለፈውን የተከለከለ ጣቢያ ያዳምጣል። ሲጨርስ የጣቢያ መጠቆሚያውን ቀስት ወደ መንግሥት ጣቢያ ሳይመልስ አይነሳም። ወታደሮች ቤት ሲፈትሹ ሰው አይጠይቁም፤ ራዲዮውን ከፍተው የቆመበትን ይሰማሉ። በዚያ ሰበብ የታሰሩ ጎረቤቶች ነበሩን።

ዓርብ ከሰዓት ወንድሜ የራዲዮውን ጀርባ ፈትቶ ምላጭ ያዘ። ስፒከሩ ላይ አስጠግቶ መለሰው። "ሓፍተይ፣ አልችልም" አለኝ እኔን እህቱን። ምላጩን ተቀብዬ የስፒከሩን ወረቀት ሦስት ቦታ ሸረከትኩት። ጊታሩን ራዲዮው ላይ ሰክቶ አንዴ ሲመታው ያቺ ሸክላ ራሷ ቤታችን የገባች መሰለን። ዛሬ ያንን ድምፅ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ያወጣዋል፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ይጫወትበታል። እኛ በምላጭ ነው ያገኘነው። ከዚያ ወንድሜ ጊታሩን ነቅሎ ራዲዮውን ቦታው መለሰ።

አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ሁለት ወታደሮች ተከትለውት ገቡ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። በዋዜማው ምሽት እንግዳ በድንገት ሲመጣበት ራዲዮውን እንዲሁ አጥፍቶት ነበር፣ ቀስቱን ሳይመልስ። ነገሩ የገባኝ ፊቱን ሳይ ነው። አንደኛው ወታደር ቁልፉን ጠመዘዘ። ራዲዮው እስኪሞቅ ጥቂት ቆየ። ከዚያ የተከለከለው ጣቢያ ሰው መናገር ጀመረ፤ የወጣው ግን ቃሉ የማይለይ ጉርምርምታ ብቻ ነበር።

"ምንድነው ይሄ?" አለ ወታደሩ፣ በመዳፉ እየመታው።

አባቴ ወንድሜን አየው። "ከተበላሸ ቆየ፣ ጎይታይ። ነገ መደበር ልወስደው ነው።"

ሄዱ። አባቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ "መን እዩ?" አለ፣ ማነው ያደረገው ማለቱ ነው። ወንድሜ ቀደመኝና "አነ" ብሎ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። የቀደድኩት እኔ መሆኔን ለመናገር ፈራሁ። ጥፊ ስጠብቅ አባቴ አልተቆጣም። "ሐራይ፣ ይሁን። ነገ ለሙዚቃችሁ ውሰደው" አለው።

በማግስቱ ክለቡ በዚያ ጉርምርምታ ጨፈረ። በዓመቱ ግን ወንድሜ ለማንም ሳይናገር ሜዳ ወጣ፣ ታጋዮቹን ተቀላቀለ። አልተመለሰም።

አባቴ ራዲዮውን አላስጠገነም። አመሻሽ ላይ መስኮቱን ዘግቶ ጆሮውን ከተቀደደው ወረቀት ያስጠጋል። አንድ ቀን ጥፋቴን ልነግረው ቆርጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ባባ፣ ምንም አይሰማም እኮ። አዲስ ስፒከር ይግባለት" አልኩት ለመጀመር ያህል።

"ተይው" አለኝ፣ የስፒከሩን መሸፈኛ ጨርቅ በጣቱ እየዳሰሰ። "የሱ እጅ ያረፈበት የቀረኝ ይሄ ነው።"

ልናገር የመጣሁትን ዋጥኩት። አባቴም ወንድሜ እንደቀደደው አምኖ ሞተ።