ሳይዳስሱ የማይገዙት አክስቴ

ባለፈው ወር ያረፉት አክስቴ የሥራ መሣሪያ በእጃቸው ሳይዳስሱ አይገዙም ነበር። ስካይላይን የሚባል ሰፈር ባለው አፓርትመንታቸው ባልኮኒ ላይ ለራሳቸው ደስታ በርጩማ ይሠሩ ስለነበር፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ነድቼ እየመጣሁ ወደ እንጨት ሥራ ኤግዚቢሽን እወስዳቸው ነበር።

መጀመሪያ አዳራሹ መቆሚያ አልነበረውም። እያደር ግን መጋዝና መሮ ሻጮቹ ቀርተው መጥበሻ የሚሸጡ ተተኩ። በመጨረሻ አብረን የሄድን ዕለት መስታወት ውስጥ መላጊያ አይተው "አውጣልኝ" አሉ። ሻጩ ለማሳያ ብቻ ነው፣ ኦንላይን ይዘዙ አላቸው። ንቅንቅ አልል አሉ። ሰውየው ሴኩሪቲ ሊጠራ ስልኩን አነሳ።

"እትዬ፣ እኔ ኦርደር አደርግልዎታለሁ፤ በእግዚአብሔር እንሂድ!"

"እጄንስ በፖስታ ልላከው?" ብለው ጮኹብኝ።

መኪና ውስጥ እኔም ጮህኩ። "ሁለተኛ ለዚህ ባዶ አዳራሽ ከሥራ ኦፍ አልወስድም!"

በዓመቱ ደውለው "ዘንድሮስ መቼ ነው?" ሲሉኝ "ቀርቷል" አልኳቸው። አልቀረም ነበር። "ይሁን" አሉና ዘጉት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ስንደዋወል ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ቀርቷል ባልኩበት በዚያው ጥር አክስቴን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አግኝተዋቸው ነበር። አክስቴ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ከኤግዚቢሽኑ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ነው።

"'ለምን ብቻዎን? ልጅቷስ?' ብዬ ብጠይቃቸው፣" አሉኝ ጎረቤታቸው፣ "'ቀርቷል ብላኛለች፤ መሄዴን አደራ እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች' አሉኝ።"