የለንደኑ ድሬሰር ጠበቃ

ዓምደሚካኤልን በፊቱ «ጋሽ ዓምዴ» ብዬ፣ «እርስዎ» ብዬ ነው የምጠራው። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ያደግሁበት ቤትም ታላቅን አንተ አያስብልም። እዚህ ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ ስለሌለ «እሱ» እለዋለሁ።

ላየው ሰው ምንም የሚያስጠላ ነገር የለበትም። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ታክሲውን በየማለዳው በራሱ ጨርቅ የሚወለውል ሰውዬ ነው። አገር ቤት እያለ ጉለሌ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ዶክተሩ በሌለ ቀን ደግሞ ከዚያም በላይ ይሠራ ነበር፤ እንዲህ የሚለውም እሱ ራሱ ነው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ በፈረንጆቹ 1985 ላስ ቬጋስ ገባ። እዚህ ድሬሰርነቱን የሚፈልግለት ስላልነበረ መሪ ጨበጠ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰካራም ከካዚኖ ወደ ኤርፖርት ሲያመላልስ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። አንድም ቀን ደግሞ «ተሳስቻለሁ» ብሎ አያውቅም ነበር። የእኔና የእሱ ጠብ ከዚህ ይጀምራል።

እኔ ሚቅዳድ እባላለሁ፤ የወሎ ሰው ነኝ፣ ያደግሁትም ሐይቅ ነው። የሆቴል እንግዶች በሚኒባስ አመላልሳለሁ። ሺፍቴን ስጨርስ ሜሪላንድ ፓርክዌይ ላይ ያለችው የጽጌወይን ምግብ ቤት ጎራ እላለሁ። ዓምደሚካኤል እዚያ መስኮቱ አጠገብ፣ ከላይብረሪ የተዋሳቸውን መጻሕፍት ፊቱ ከምሮ ይቀመጣል። የሚያነብ ይመስላል እንጂ የሚጠብቀው የሚከራከረውን ሰው ነው።

መጻሕፍቱ በሙሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። በፈረንጆቹ 1888 ለንደን ውስጥ፣ ኋይትቻፕል በሚባል የድሆች ሰፈር፣ አንድ ሰው ሴቶችን በቢላ እየገደለ ሆዳቸውን ይቀድ ነበር። ጋዜጦቹ «ጃክ ዘ ሪፐር» አሉት፤ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ዓምደሚካኤል ያውቃል። ጆርጅ ቻፕማን ነው ይላል፤ ከፖላንድ የመጣ ፀጉር አስተካካይ፣ አብረውት የኖሩ ሦስት ሴቶችን ተራ በተራ መርዞ በ1903 የተሰቀለ። የመርዙ ነገር የተረጋገጠ ነው። የቢላውን ግን ማንም አላረጋገጠበትም።

«ሰፈሩ ውስጥ ይኖር ነበር» ይለኛል ጣቶቹን እያጠፈ። «ስለት መያዝ ያውቃል። መግደል ያውቃል። ሌላ ምን ኤቪደንስ ትፈልጋለህ?»

«ጋሽ ዓምዴ፣ መርዝና ቢላ እኮ አንድ አይደሉም» እለዋለሁ። «መርዝ የሚያበላ ሰው የሚያበላው የሚያውቃትን ሴት ነው። ስታስመልስ ጎኗ ሆኖ ግንባሯን ይይዝላታል፣ ሐኪም ይጠራላታል፣ ሳምንታት ይጠብቃል። ያኛው ደግሞ ስሟን እንኳ የማያውቃትን መንገድ ላይ ገድሎ በደቂቃ ይጠፋል። እንዴት አድርገው አንድ ሰው ያደርጓቸዋል?»

«ገዳይ ገዳይ ነው። ሜተዱን ቼንጅ አደረገ፣ አለቀ!»

«እሺ፣ የሆድ ዕቃ ማውጣቱስ? ያን ፀጉር አስተካካይ ይችለዋል?»

ይህችን የምወረውራት ሆን ብዬ ነው። ቻፕማን በወጣትነቱ የሐኪም ረዳትነት ተምሯል፤ ዓምደሚካኤል ያንን «ድሬሰር» ብሎ ነው የተረጎመው። ስለዚህ «አይችልም» ማለት እሱን መስደብ ነው። ፊቱ ይጠቁራል። «ድሬሰር ምን እንደሚችል አንተ ከየት ታውቃለህ? ሹፌር!» ይለኛል፣ ራሱ ሹፌር ሆኖ። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ሦስት ዓመት እንዲህ ከረምን። መናገር ያናድደኛል እንጂ እሱ የሌለ ቀን ምግቡ አይጥመኝም ነበር።

ወጥ ቤት የምትሠራው ቀመሪያ ነበረች። እሷም ወሎዬ ናት፤ ባሏ ደሴ የሞተባት፣ ትንሿን ልጇን ሃዲያን ይዛ በዲቪ የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ ከሰላምታ የማያልፍ ዝምተኛ ሴት። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች ከጽጌወይን ጋር ስለ ባሏ ስታወራ «መድኃኒት ሰጥቼው ነው የሞተብኝ» አለች። አስተናጋጇ ሰማች። ሳምንት ሳይሞላ ቀመሪያ «ባሏን መድኃኒት ያበላችው ሴትዮ» ሆና አረፈችው። እዚያ ቤት የሚገቡት አብዛኞቹ አዲስ አበቤዎች ናቸው፤ ሚስት ለባሏ መድኃኒት ሰጠች ሲባል የሚሰማቸው መርዝ ነው።

እኔ ግን የሐይቅ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ኮሶ በስሙ አይጠራም ነበር። ሴቶቹ በተለይ «መድኃኒት» ነው የሚሉት። አባቴ ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ በየሁለት ወሩ ለትሉ መድኃኒት ይጠጣል፤ በጥብጣ የምትሰጠው እናቴ ናት። በዚያ ቀን እንግዳ ቢመጣ «ዛሬ መድኃኒት ጠጥቷል» ተብሎ ከደጅ ይመለሳል። የቀመሪያ ባል ልቡ ደካማ እንደነበር፣ ኮሶውን ጠጥቶ በሦስተኛው ቀን እንዳረፈ የሰማሁት ኋላ ነው። ዋናው ነገር ግን ቃሉን ከአፏ እንደሰማሁ ገብቶኛል። ሰዉ ሲያማት ዝም አልኩ። ምን አገባኝ አልኩ።

በፈረንጆቹ 2004፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለት የታክሲ ሹፌሮች በቢላ ተወጉ። ሁለተኛው የእኛው ሀቢብ ነበር። ቻይናታውን ያሳፈረው ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ ክንዱንና ትከሻውን ሸንትሮት ወርዶ ሮጠ። ሀቢብ ፊቱን አላየም፤ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልለየም። «ራሱ ላይ የጠመጠመው ነገር አለ፤ ሻርፕ ይሁን ምን እንጃ» ብቻ ነው ያለው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሀቢብ ምግቡ ቀዘቀዘ ብሎ ቀመሪያን ሰው ፊት ሰድቧት፣ እሷም ከወጥ ቤት ሆና እጁ እንዲቆረጥ ረግማው ነበር።

ዓምደሚካኤል ወዲያው ገጣጠመው። «ሻርፕ» አለ። «ጠብ። ባሏን ያበላች ሴት። ኋይትቻፕል እኮ ነው!» ደስ ብሎት ነበር። ሰው ተሰፍቶ ሆስፒታል ተኝቶ፣ እሱ ዓይኑ በርቶ ነበር።

«ምን ነካዎት ጋሽ ዓምዴ? ሴትዮዋ እንኳን ሰው፣ ዶሮ ስትቆርጥ ዓይኗን ነው የምትጨፍነው» አልኩት።

«መርዝ የሰጠ እጅ ቢላ ሲይዝ በዓይንህ ታየዋለህ። ካልሆነ መጻሕፍቱን መልሼ ስለ ቻፕማን ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

ቤቱ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ለፖሊስ ደውሎ የባሏንም የሀቢብንም ነገር ነገራቸው።

ረፋዱ ላይ ሁለት መርማሪዎች መጡ። ቀመሪያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ጥሩ እንግሊዝኛ ያለኝ እኔ ነኝ ብሎ ዓምደሚካኤል አስተርጓሚ ሆነ። እኔ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከመርማሪዎቹ አንዱ «ባልሽን መርዘሽዋል ወይ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ዓምደሚካኤል ጨዋ ለመሆን ብሎ ነው መሰለኝ መርዝ የሚለውን ቃል ሸሸው።

«ለባልሽ መድኃኒት የሰጠሽው አንቺ ነሽ ወይ ይሉሻል፣ ቀመሪያ።»

እንባዋ ወዲያው መጣ። «አዎ። መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እሱም ዞሮ፣ «አዎ፣ መርዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የገደልኩት ትላለች» አላቸው። አልዋሸም፤ የገባውን ነው የተረጎመው።

ሁለቱም ቋንቋ ይገባኛል። «ኮሶ ነው!» ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ የዓምደሚካኤልን ፊት አየሁ፤ ቀና ብሎ፣ የሸሚዙን አንገት እያስተካከለ። ይግባ አልኩ። እስከ አንገቱ ይግባ። ነገ እውነቱ ሲወጣ ማን እንደሚስቅ እናያለን። ሻዬን አንስቼ ጠጣሁ።

ይዘዋት ሲወጡ ዞር ብላ ያየችው እኔን ነበር።

ዘጠኝ ቀን አሰሯት። ሃዲያን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወስደው የማታውቀው ቤተሰብ ዘንድ አስቀመጧት። በስድስተኛው ቀን ሦስተኛ ሹፌር ሊወጋ የሞከረ ጎረምሳ እዚያው ታክሲው ውስጥ ተያዘ፤ ሁለቱንም እሱ እንደወጋቸው አመነ። ቀመሪያን አይቷት አያውቅም። የባሏ ጉዳይ ደግሞ ባለሙያ አስተርጓሚ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጨመረባት። አስተርጓሚዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀቻት አሉ፦ «ምን መድኃኒት?»

የተፈታች ዕለት የጎረምሳው ዜና የወጣበትን ጋዜጣ ይዤ ጽጌወይን ቤት ገባሁ። መራመድ ሳይሆን መጨፈር ነበር። «ጋሽ ዓምዴ! መርዝ ሌላ፣ ቢላ ሌላ! ኧረ መርዝም አልነበረም፤ ኮሶ ነው! የወሎ ሴት መድኃኒት ስትል ኮሶ ማለቷ ነው!» እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኩት። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ደስታ ነበር።

ይከራከራል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ኮሶ» ብሎ ደገመው፤ በዝግታ። ተነሳ። መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ቀጥታ ቀመሪያ ቤት ሄደ። ጽጌወይን እንደነገረችኝ፣ ያ ሸሚዙን የሚቆልፍ ሰውዬ በሯ ላይ ተንበርክኮ «ተሳስቻለሁ ልጄ» እያለ አለቀሰ፤ ቀመሪያም እጁን ይዛ አነሳችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃዲያን በየጠዋቱ በታክሲው ትምህርት ቤት ያደርሳታል። እኔ ክርክሩን አሸንፌ፣ ይቅርታውን እሱ ወሰደው። ለዚህም ጠላሁት።

በሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ካርቶን ማንጎ ገዝቼ ሄድኩ። እንኳን አላህ አወጣሽ ልላት ነበር፤ ሌላ ያሰብኩት አልነበረም። ቀመሪያ አስገባችኝ። ሃዲያ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ፊቷ አንድ ሳህን ሩዝ በሥጋ አለ፤ አልተነካም። ልጅቷ ያልተከፈተ የሲሪያል ካርቶን አምጥታ በጥርሷ ቀደደችው፤ ያልተከፈተ ወተት አወጣች፤ ክዳኑን አገላብጣ አየችና ራሷ ከፍታ ቀዳች።

«ከእጄ አትበላም» አለችኝ ቀመሪያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያስቀመጧት ቤት ያሉት ሰዎች ጠይቀዋታል። እናትሽ የሚያምሽ ነገር ሰጥታሽ ታውቃለች ወይ ብለው፣ በየቀኑ። ውኃ እንኳ ራሷ ካልቀዳች አትጠጣም።»

«ጋሽ ዓምዴ ናቸው እንጂ...» አልኩ።

«ጋሽ ዓምዴ ቃሉን አያውቁትም። የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ግን የሐይቅ ልጅ ነህ። እናትህ መድኃኒት ስትል ሰምተሃል። አጠገቤ ሻይ እየጠጣህ ነበር። ለምንድን ነው ዝም ያልክ?»

ሃዲያ ማንኪያዋን አቁማ ታየኛለች። ለመዋሸት ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ፈራሁ ልል፣ አልሰማሁም ልል። ሁለቱ እያዩኝ አንዱም አልወጣኝ አለ።

«ክርክር ላይ ነበርን» አልኳት።