ኪሴ የከተትኩት የጎማ ቀለበት

ወልድያ ላይ መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። በእነዚህ ዓመታት ያበላሸሁት ሥራ አንድ ብቻ አይደለም። ብሎን ሰብሬ አውቃለሁ፤ ሽቦ በስሕተት አገናኝቼ መብራት አቃጥዬ አውቃለሁ። እነዚያን ለባለቤቶቹ በዚያው ሰዓት ነግሬ፣ ተቆጥተውኝ፣ አስተካክዬ ጨርሻለሁ። የአንዱን መኪና የዘይት ነገር ግን አልተናገርኩም። አለመናገሬም ከጥፋቱ የባሰ ሆነ።

መኪናው ጥቁር፣ ረጅም፣ ወንበሩ ሁሉ ቆዳ የሆነ ቅንጡ መኪና ነበር። ከተማችን ውስጥ የዚያ ዓይነት ሁለተኛ አላየሁም። ባለቤቱ የብረትና የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ፣ ከእኛው ጋር ነው። መኪናውን የሚነዱለት አንድ የመርሳ ሰው ነበሩ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ በወጣትነታቸው ከአሰብ ጭነት ያመላለሱ ሾፌር ናቸው። አርባ ዓመት ሲነዱ ሰውም ከብትም አልገጩም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል።

ያ መኪና እኔ ጋ ሊመጣ የቻለውም በእሳቸው ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጋራዤ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ ቁልፍ አልቀረ፣ ክሪክ አልቀረ። ከሰው በተዋስኩት ዕቃ እንደገና ስከፍት ደንበኛ የለኝም። ነጋዴው መኪናውን ለዘይት ቅያሪ ሳይቀር ደሴ ድረስ ይልከው ነበር። እሳቸው ናቸው “እዚሁ የሚችል ልጅ አለ፣ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ” ብለው ያመጡልኝ። መኪናው ደጄ ላይ ሲቆም ያየ ሁሉ ያምነኝ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ግቢዬ ሞላ።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ነጋዴው ደሴ ለቅሶ ሊደርስ አስቦ ዘይቱ ተቀይሮ ቶሎ እንዲወጣ ፈለገ። እሱም አብሮ መጣ፤ ብዙ ጊዜ አይመጣም ነበር። እኔ መኪናው ሥር ሆኜ ስሠራ አጠገቤ ቆሞ ያወራኛል። የጭነት መኪኖቹን በሙሉ እኔ ጋ ሊያደርጋቸው እንዳሰበ ነገረኝ። ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ፤ እጄ በልማድ ይሠራል።

የዘይት ፊልትሮ ሲፈታ አፉ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት አብሮ መውጣት አለበት። አንዳንዴ ግን ሙቀቱ አጣብቆት ሞተሩ ላይ ይቀራል። ይህን ሳያዩ አዲሱን ፊልትሮ በላዩ ካሰሩት ጎማ በጎማ ላይ ይሆናል። መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፤ መኪናው መንገድ ወጥቶ ግፊቱ ሲጨምር ግን ይንሸራተትና ዘይቱ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ አሮጌውን ፊልትሮ ገልብጦ ማየት ማንም መካኒክ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው። ያን ቀን አልገለበጥኩትም። በውስጤ የጭነት መኪኖቹን እየቆጠርኩ ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ግማሽ ደቂቃ ያህል አየሁት፤ ጠብታ የለም። ጋሼ ሁሉ ነገር መታየቱን ጠየቁኝ። ታይቷል አልኳቸው።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። ነጋዴው ነበር፤ መርሳ መግቢያ ላይ ቆመናል፣ ሞተሩ አልዞር ብሏል አለኝ። ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ከመርሳ መለስ ብሎ አስፋልቱ ላይ ጥቁር የዘይት መስመር እያየሁ ነው የደረስኩት። ገና ከመኪናው ሳልወርድ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ነጋዴው ስልክ እያወራ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋሼ መንገዱ ዳር፣ ከማንጎ ሻጮቹ አጠገብ ቆመዋል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥቼ ማየት አላስፈለገኝም፤ የሚለካ ዘይት አልቀረም። ጀርባዬን አስፋልቱ ላይ አድርጌ ገባሁና ፊልትሮውን ፈታሁት። ሁለት ቀለበት ነው ያለው። አዲሱ ከፊልትሮው ጋር፣ አሮጌው ግማሹ ወጥቶ ሞተሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ነቅዬ አወጣሁትና ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው። ሁለት ትንፋሽ ያህል አስቤበታለሁ።

ስወጣ ነጋዴው ዘይቱ በየት እንደወጣ ጠየቀኝ። ፊልትሮው ብልሹ ሆኖ ነው፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ጉድለት አለበት አልኩት። ገበያው ውስጥ አስመስለው የሚሠሩት ስለሚበዛ ለማመን አልከበደውም። እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ውሸቴ አንድ ሆኖ ይቀር ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ግን ጨመርኩበት።

“ዘይት ሳይኖረው ብዙ ተነድቷል። መብራቱ እንደበራ ቢቆም ሞተሩ ይተርፍ ነበር።”

ነጋዴው ዞር ብሎ ጋሼን አያቸው። እሳቸው ረጋ ብለው ተናገሩ። ከመርሳ በፊት ያለችውን ሲሪንቃን እንዳለፉ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ጽሑፍ መጣ፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እሳቸው አያነቡትም። ቀዩ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ የሚመስለው ምልክት ሲበራ ግን ወዲያው ለነጋዴው ነግረውታል። ነጋዴው ያን ጊዜማ ሞተሩ እየጮኸ ነበር፣ ቀዩ ከዚያ በፊት ሳይበራ አይቀርም፣ አላዩትም አላቸው። እሳቸውም መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱና ወደ እኔ ተመለከቱ። ባለሙያው እኔ ነኝ። መሬት መሬት አየሁ። አፋቸውን መልሰው ዘጉት።

መኪናው ሎቤድ በሚባለው መኪና ጫኝ ተጎታች ተጭኖ ሄደ። በሳምንቱ ጋሼ ቁልፉን አስረክበው ወደ መርሳ መመለሳቸውን ሰማሁ። ነጋዴው አላባረራቸውም አሉ፤ ዕድሜዎ ነው፣ ይረፉ ብሎ በደህና ቃል ነው ያሰናበታቸው። ሞተሩ ተቀየረ። የጭነት መኪኖቹም እኔ ጋ መጡ። ቀለበቱን ቱታዬን ሳጥብ አግኝቼ የቆሻሻ ዘይት በርሜል ውስጥ ጣልኩት።

አምስት ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን ለዕቃ መርሳ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡት ጋሼ ሆነው አገኘኋቸው። ተነሥተው ሳሙኝ፤ ቦታ ለቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልጆቼን፣ ሥራዬን፣ እናቴን ጠየቁኝ። መኪናው ኩርባ በያዘ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይጫናል። ጥቂት ከሄድን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አንተ ባለሙያ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ አሉኝ። ዘይቱ ካለቀ በኋላ ቀዩ መብራት እስኪበራ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ግፊቱ እንደወረደ ወዲያው ይበራል፤ መልሱ ይህ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህን ካልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ፈራሁት። እንደ መኪናው ይለያያል አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ዞሩ። መርሳ ስንደርስ የእኔንም ከፍለው ነበር።

ያን ዕለት ዕቃውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቤቴ ምን ሆንክ ስትለኝ ነገርኳት፤ እሷም ያለችኝ አንድ ነገር ነው፣ ለእኔ መንገርህ ለእሳቸው ምን ይጠቅማቸዋል አለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄድኩ።

ቤታቸው ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። ቤት እያጠያየቅሁ ደረስኩ። ሚስታቸው ግቢው ውስጥ ማንጎ ከትልቅ ትንሹን እየለዩ በሣጥን ይደረድራሉ፤ ጋሼ ወደ ውኃ ቦዩ ወርደው ነበር። የወልድያው መካኒክ መሆኔን ስነግራቸው ሚስታቸው ደስ አላቸው፤ ሁሌ ያነሣሃል አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው የጋሼን ችግር አወሩልኝ። አንድ ዘመዳቸው አይሱዙ ገዝቶ ንዱልኝ ብሎ ለምኗቸው እንቢ ብለዋል። ደሴ ሄደው ዓይናቸውን ታይተዋል፤ ደህና ነው ቢባሉም አላመኑም። መንገድ ላይ ሰው ሲጠራቸው እንኳ፣ ቀድሞ ጠርቶኝ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ አሉኝ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አምስቱን ወር ሙሉ ያሳጣኋቸው ሥራቸውን ነው ብዬ ነው የማስበው፤ ሥራ ደግሞ ሌላ ይገኛል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። የወሰድኩባቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አርባ ዓመት ያመኑትን የገዛ ዓይናቸውን ነው ያስጠረጠርኳቸው።

መጡ። ጋሼ እግራቸውን ታጥበው፣ በርጩማ አስመጥተውልኝ ተቀመጡ። ቆሜ ልናገር ብዬ አልተቀመጥኩም።

“ጋሼ፣ ጥፋቱ የአንቱ አልነበረም። የእኔ ነው። የፊልትሮውን አሮጌ የጎማ ቀለበት ሳላወጣ ነው አዲሱን ያሰርኩት። እዚያው መንገድ ላይ አግኝቼው ደበቅሁት።”

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚኒባሱ ውስጥ የሰጠኋቸው መልስም ውሸት እንደነበር፣ ቀዩ የሚበራው ወዲያው እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ሲቆጡ ለማየት እየጠበቅሁ ነበር፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

“እንግዲያው በጊዜው አይቼዋለሁ፣” አሉ።

“አይተውታል።”

“ዓይኔ ደህና ነው ማለት ነው።”

ከዚያ ሚስታቸውን ጠሩና፣ እንደገና ንገራት አሉኝ። ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ከመጀመሪያው ይበልጥ ከበደኝ። ሚስታቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ስጨርስ ወደ ማንጎው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም። ጋሼ ግን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

“እኔ አውፍ ብያለሁ፣ አላህም አውፍ ይበልህ። ለባለመኪናው ግን አንተው ራስህ ትነግረዋለህ። እኔ በሌለሁበት።”

በማግሥቱ ነጋዴው ሱቅ ሄድኩ። የሞተሩን ወጪ እንደሚጠይቀኝ፣ ምናልባትም እንደሚከሰኝ አስቤ ነው የገባሁት። ሠራተኞቹን አስወጥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ሰማኝ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካልኩሌተር ሲገፋ ሲመልስ ቆየ። በመጨረሻ ያለኝን ግን አልጠበቅሁትም። ቢጫው ጽሑፍ ሲመጣ ጋሼ ምን እንደሚል ጠይቀውት፣ እሱ ስልክ ላይ ስለነበረ በደንብ ሳያነበው፣ የዘይት ቅያሪ ማስታወሻ ነው፣ ጋራዡ ሳያጠፋው ቀርቶ ነው ብሏቸዋል። ቀዩ ሲበራም መኪናውን ወደ ዳር ሲያወጡት፣ መርሳ እዚህች ናት፣ እዚያ ብንቆም ይሻላል፣ ቀጥሉ ያላቸው እሱ ነው።

“እኔም አውቀው ነበር፣” አለኝ። “አንተ ብዙ ተነድቷል ስትል ደስ አለኝ።”

ሁለታችንም እርስ በርስ መተያየት አልቻልንም። ለካ ያን ዕለት አስፋልቱ ላይ ከቆምነው ሦስት ሰዎች እውነቱን የማያውቁት ጥፋተኛ የተባሉት ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቀጥሉ መባላቸውን አንድም ቀን ለማንም አንሥተው አያውቁም፤ ለእኔም፣ ለሚስታቸውም። ለምን እንዳላነሡት ነጋዴው በኋላ ጠይቋቸው፣ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ ብለውታል።

በዚያው ሳምንት ነጋዴው ሁለት ሽማግሌ ይዞ መርሳ ወረደ። ታረቁ፤ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ቢለምናቸው ግን በጨዋ ደንብ እንቢ አሉት። መኪኖቹን ከእኔ ጋ አነሣቸው፤ አልተቀየምኩትም። ምክንያቱን ለሰው ስለተናገረ ሌሎች ደንበኞችም ቀሩ። ይህን የጻፍኩት እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ የሆነው ይህ ስለሆነ ነው።

ጋሼ አሁን ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳሉ። በጋራዤ በር ባለፉ ቁጥር ክላክስ ይነኩልኛል፣ እኔም እጄን አነሣለሁ። ባለፈው ጥቅምት መርሳ ገበያ ደርሼ ስመለስ መናኸሪያው ላይ አገኘኋቸውና ጋቢና አስገቡኝ። መንገዱን ሁሉ በደስታ ስለ ማንጎው፣ ስለ ልጅ ልጃቸው አወሩኝ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርሱ ወረዱና ኮፈኑን ከፈቱ። የዘይቱን ዘንግ አወጡ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ መልሰው ነክረው ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት። በጎን መስኮቱ በኩል እያየኋቸው ነበር። ልወርድ እጀታውን ያዝኩና ተውኩት። እሳቸውም ና እየው አላሉኝም።