ማኅተም የተመታበት የገጠር እንቁላል

ነገሩ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2020 ሐምሌ ላይ፣ ከቤይሩት በመኪና አርባ ደቂቃ ያህል ሽቅብ በምትወጣ አንዲት የተራራ መንደር ነው። ሊባኖስ በቆየሁባቸው ዓመታት ብዙ አስደንጋጭ ነገር አጋጥሞኛል። ይኼኛው ከሁሉ የማይረሳኝ፣ በእንቁላል ምክንያት ከአገር ልባረር የነበርኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ያኔ ከመጀመሪያ አሠሪዎቼ ቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ኢቃማዬ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተቃጥሏል። ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ በሚባል የቤይሩት ሰፈር ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ በየሰው ቤት በሰዓት እያጸዳሁ እኖራለሁ። ከደንበኞቼ ሁሉ ቋሚዋ፣ ባዳሮ የሚባል ሰፈር የምትኖረው ማዳም ናዲን ነበረች። የቤቷን ቁልፍ ሳይቀር ሰጥታኛለች።

ማዳም ናዲን በጋውን የምታሳልፈው ፈረንሳይ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ባንኩ ገንዘቧን ያዘባት፣ አውሮፕላኑም ቆሞ ከረመ። ይሄኔ እሷና ጓደኞቿ አገራቸው ተራራ እንዳለው ድንገት ትዝ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ "ተፈጥሮ፣ ተፈጥሮ" ሆነ ወሬያቸው። እስከዚያ ድረስ ማዳሜ የምታውቀው ተፈጥሮ በረንዳዋ ላይ ያሉት ሁለት የአበባ ማሰሮዎች ነበሩ። እነሱንም የማጠጣው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን መስታወት እየወለወልኩ ጠራችኝ። "አባቴ መንደር ውስጥ የተወው ቤት አለ። የእንግዳ ማረፊያ ላደርገው ነው። ያኒ ንጹሕ አየር፣ የገጠር ምግብ፣ ዶሮ። አንቺ ደግሞ ያደግሽው ከእንስሳ ጋር ነው፤ ዶሮዎቹን ትይዥልኛለሽ።"

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ነው። ዶሮ የማውቀው በበዓል ዋዜማ እግሯ ታስሮ ስትመጣ ብቻ ነው፤ ያኔም በር ዘግቼ እደበቃለሁ። ግን የጽዳት ሥራው ከግማሽ በላይ ቀርቶብኝ ነበርና "አውቃለሁ ማዳም" አልኩ። እሑድ በተከራየነው የጉባኤ አዳራሻችን ተንበርክኬ ስለዚህ ውሸት ጌታን ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰኞ ስለ ዶሮ አያያዝ በስልኬ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ።

ቤቱ ታደሰ፤ ማስታወቂያውም ወጣ። ማስታወቂያው ላይ "የመንደራችን አያት ሊጡን በገዛ እጃቸው አቡክተው ይጋግሩላችኋል" ይላል። አያት የተባሉት የማዳም እናት ናቸው፤ ተይታ ነው የምንላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ተይታ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ተወልደው ያደጉት ቤይሩት መሐል፣ ጀማይዜ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ባለ ፎቅ ላይ ነው። ሊጥ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ጥፍራቸው ሁልጊዜ ቀይ ቀለም ነበረው። ማዳም ቀለሙን አስለቀቀቻቸው፣ አበባ ያለበት ሻሽ አሰረችላቸው፣ በራፉ ላይ አስቀመጠቻቸውና "ማማ፣ አንቺ ፈገግ በዪ ብቻ፤ ፈረንሳይኛ እንዳይወጣሽ" አለቻቸው።

ዳቦው ከቤይሩት ዳቦ ቤት ነበር የሚመጣው፤ እኔ ምጣዱ ላይ አሞቀዋለሁ። "የጎረቤታችን የፍየል እርጎ" የሚባለው ከሱፐርማርኬት ይገዛል፤ የተለጠፈበትን ወረቀት እኔ በሙቅ ውኃ ፍቄ አነሳለሁ። ከገበያ የተገዙት ስድስት ዶሮዎች ደግሞ ከመጡ ጀምሮ አንድ ጥግ ተጠጋግተው ያዩናል እንጂ አንድ እንቁላል አልጣሉም። ስለዚህ እንግዶቹ ከመነሳታቸው በፊት እንቁላሉን ከኩሽና አውጥቼ ጭድ ውስጥ የምደብቀው እኔው ነኝ። ልጆቻቸው ቅርጫት ይዘው ይመጡና እየጮኹ ይለቅማሉ። ከዶሮዎቹ ጋር ሦስት ሳምንት በሰላም ሠራን። እኔ እጥላለሁ፣ እነሱ ያስካካሉ።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ሰው ከሚስቱና ከሰባት ዓመት ልጁ ጋር ሊመጣ ሆነ። ማዳም በኩራት "ትልቅ መኮንን ነው፤ የውጭ አገር ሰዎችን ወረቀት ነው የሚቆጣጠረው" አለችኝ።

"ማዳም፣ እኔኮ ወረቀት የለኝም።"

"አትፍሪ ሐቢብቲ፣ ሰውዬው ዕረፍት ላይ ነው" ብላኝ ወጣች።

እንግዶቹ ማታውኑ ገቡ። በማግስቱ ጠዋት እንቁላሎቹን ደበቅኩ። ማዳም ማታ ባዳሮ ካለ ሱቅ ይዛው የመጣችው አዲስ ትሪ ነበር። ከፍርሃቴ የተነሳ እንቁላሉን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ቁርስ ላይ ሻይ ይዤ ስወጣ ልጅቱ ከዶሮ ቤቱ እየሮጠች መጣች። "ባባ! ባባ! ዶሮዋ ጽፋለች!"

አባትየው እንቁላሉን ተቀበላት። መነጽሩን አወጣ። ቅርፊቱ ላይ በቀይ ቀለም ቀን ተመትቶበታል። ፓስፖርት እንደሚመረምር ሰው ፊቱንም ጀርባውንም አገላብጦ አየው፤ ወደ ብርሃንም አደረገው። የእንቁላሉ ቀን አላለፈም ነበር። እዚያ ቤት ቀኑ ያለፈበት እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ማዳም ናዲን፣ ዶሮዎችሽ ማኅተም አላቸው?" አለ።

ማዳም መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ አልቆይ ሲላት ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "እሷ ናት! ከኩሽና እየሰረቀች እዚያ ትደብቃለች ማለት ነው። ፓርዶን ሙስዩ፣ እነዚህን ሰዎች ማመን አይቻልም።"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። ዕረፍቱ በዚያው አለቀ።

"ስምሽ ማነው? ከፊልሽ ማነው? ወረቀትሽን አምጪ።" ከፊል ማለት ኃላፊነት ወስዶ ያስመጣሽ አሠሪ ነው። የእኔ ከፊል ደግሞ ጠፋች ብሎ ካመለከተብኝ ሁለት ዓመቱ ነው። የያዝኩትን የሻይ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። በልቤ ኢየሱስ፣ ኢየሱስ ብቻ እላለሁ።

ያን ጊዜ ተይታ ከወንበራቸው ተነሡ። ሻሹን ከራሳቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት።

"እንቁላሉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ይህችም ልጅ የእኔ ሠራተኛ ናት። ከፊሏ እኔ ነኝ፣ ወረቀቷ ቤይሩት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ማየት ካስፈለገህ ሁለታችንንም ይዘኸን ውረድ። እየወረድን ስለ ዳቦውም ስለ እርጎውም አጫውትሃለሁ።" ከዚያ በፈረንሳይኛ ቀጠሉ፤ ምን እንዳሉ ባይገባኝም ማዳም በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

የመኮንኑ ሚስት ድንገት ሳቀች። እስኪያስላት ሳቀች። "ያላ፣ ቁጭ በል በቃ" አለችው። "ስንት ወር ቤት ተቆልፈን ከርመን አንድ ቀን ብንወጣ እዚህም ወረቀት ትጠይቃለህ?"

ተቀመጠ። የተይታ ቃል ውሸት መሆኑን እንዳወቀ አውቄአለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ላይ የኖረ ሰው ያውቃል። በመጨረሻ እንቁላሉን አቀበለኝና "ቀኑ አላለፈም፤ ጥበሽልኝ" አለ። ጠበስኩለት። አስኳሉ ፈሰሰብኝ፤ እሱ ግን በዳቦ ጠርጎ በላው።

ሲሄዱ ሚስትየው "ለአማቴ የምወስደው ሠላሳ የገጠር እንቁላል ይኖራችኋል?" ስትል ማዳም ዓይኗን ሳታሽ "በደስታ!" አለቻት። እንቁላሉ የሱቅ መሆኑን ሁላቸውም ያውቃሉ። እኔ ኩሽና ገብቼ በሎሚና በጨርቅ ማኅተሙን ከሠላሳው ላይ ስፍቅ ተይታ አጠገቤ ተቀምጠው ፒስታስዮ የሚባለውን ለውዝ ይፈለፍላሉ።

"ተይታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእኔ ብለው ዋሹ" አልኳቸው።

"ለአንቺ ብዬ አይደለም ያ ቢንቲ፣ ልጄ" አሉኝ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈገግ ብዬ መንጋጋዬን ስላመመኝ ነው።"

ማዳም ወደ ቤይሩት ስንመለስ መኪና ውስጥ "አትቀየሚኝ፣ ያኒ ደንግጬ ነው" አለችኝና ራዲዮኑን ከፈተችው። ኸላስ፣ ለእሷ ነገሩ አለቀ።

ይህን ታሪክ ለጉባኤ እህቶቼ ስነግራቸው "ዶሮዋ ጽፋለች" የሚለው ቦታ ላይ በሳቅ ይወድቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። የማልስቅበት ግን አለ። ሁለት ዓመት ቁልፏን ይዤ፣ የወርቅ መሳቢያዋን እየወለወልኩ የኖርኩ ሰው፣ ሌባ ለመባል ምራቅ የመዋጥ ያህል ጊዜ እንኳን አልፈጀብኝም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ እሱም አይደለም። ማዳም ሐሙስ ትደውላለች ብዬ፣ ሌባ ስላለችኝ የምመልስላትን ሦስት ቀን ሙሉ በዐረብኛ ስለማመድ ሰነበትኩ። ክፍል የምንጋራው ልጆች ሳይቀሩ ቃል አቀበሉኝ። ሐሙስ ደወለች። "ቅዳሜ ስድስት እንግዳ አለ፣ ያላ ተዘጋጂ" አለችኝ።

"ሐድር ማዳም" አልኳት። እሺ ማለት ነው። ተይታን ወዲያው አመስግኛለሁ፣ መኮንኑንም ከረሳሁት ቆየሁ፣ ማዳምንም በጸሎት ትግል ይቅር ብያታለሁ። ያን ቀን "ሐድር" ያለውን አፌን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።