ሳይጠየቅ የተሞላ ሰልባትዮ

ኦክላንድ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ ተድላን «ኢንጂነር» ብሎ ነው የሚጠራው። ኢንጂነር አይደለም። አዲስ አበባ እያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ የከባድ መኪና ሞተር ይፈታ ነበር፤ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ከነዳጅ ማደያ ጎን ባለች ጠባብ ጋራዥ ዘይት ይቀይራል፣ ጎማ ይለጥፋል። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አይታወቅም። አንድ እሑድ የፓስተሩን መኪና በአንዲት መፍቻ ነካክቶ ስላስነሣት ይመስለኛል። እሱም «ኧረ እኔ መካኒክ ነኝ» ብሎ አላረመም። ስሙ ደስ ይላላ! እኔ ወዳጁ ነኝና በዚህ ስቀልድበት ኖሬአለሁ፤ ግን የኔም አሮጌ መኪና የምትተነፍሰው በሱ እጅ ነው።

ተድላ ጥሩ ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፣ ከዚህ በኋላ የምለው አያስመሰግነውምና። ጥሩነቱ አንድ ክፉ ጠባይ አለበት፤ አይጠይቅም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ዓይነት ነው። ፍሬኗን እይልኝ ብለህ መኪናህን ብትሰጠው መስተዋቷን አጥቦ፣ ቤንዚን ሞልቶ ይመልስልሃል። ለምን ሞላኸው ስትለው ይቆጣል።

«የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እናቴ ሳህን እንኳ ባዶውን አትመልስም ነበር!»

ባለቤቱ ብርነሽም ያው ናት። ጎረቤታቸው ፊሊፒናዊቷ ሩዝ በሳህን ብትልክላት ሳህኑ ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ሴትዮዋ ደግሞ አፍራ ሌላ ነገር ትልካለች። ሁለቱም ሰልችቷቸዋል፣ ማን ያቁም?

ንጉሤ ደግሞ ሳኒቬል የሚሠራ፣ ዩኒየን ሲቲ የሚኖር፣ ዝምተኛ የኮምፒውተር ሰው ነው። ትርፍ ጊዜውን የሚያጠፋው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ በሬዲዮ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲሠራ ነው። አሻንጉሊት አይደሉም፤ እውነተኛ ሞተር አላቸው፣ ሲነሡ ጆሮ ይበጥሳሉ። ከአጠገቡ የማትጠፋው ልጁ ሶልያና ናት። አራተኛ ክፍል ነች። አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባቷ ሳሎን ውስጥ ከ«ሆምወርክ ጨረስሽ?» ያለፈ ወሬ የለውም፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ሁለቱ ሲያወሩ ያመሻሉ። ያን ክረምት አንድ ትልቅ ክንፍ አብረው ሠሩ። ከነጭ ፎም ቆርጠው፣ ቀይ ልባስ አለበሱት። ልባሱን የለጠፈችው እሷ ነበረች። አባቷም ቃል ገብቶላታል፤ አየር ላይ ከወጣ በኋላ መቆጣጠሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ትይዛለች።

ቅዳሜ ሊበር ታስቦ፣ ጎማውን የሚይዘው የሽቦ እግር ተሰበረ። ንጉሤ ዓርብ ከሰዓት ልጁንና አውሮፕላኑን ይዞ ተድላ ቤት መጣ። ሚስቱ መቅደስ አላሜዳ ከተማ፣ አረጋውያን በምትንከባከብበት ቤት፣ ሺፍት ላይ ነበረች።

«ጋሽ ተድላ፣ ይቺን ሽቦ ብቻ ይበይዱልኝ። ልጅቷም እዚሁ ትቆይልኝ፤ ከሥራ ስወጣ ሁለቱንም ፒክ አደርጋቸዋለሁ።»

ብቻ የሚለው ቃል በተድላ ጆሮ አይገባም።

ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሽቦውን በየደ፣ ሞረደ፣ አሳመረ። ከዚያ ሞተሯን አያት። ከጡጫው ያነሰች ሞተር! ፒስተን አላት፣ ካርቡሬተር አላት፣ የሚያምር ነገር ነው። ሰልባትዮዋን፣ የነዳጅ ቋቷን፣ ነቅነቅ ቢያደርግ ባዶ ነው። ባዶውን እንዴት ይመልስ? ጥግ ላይ ለሣር ማጨጃ ብሎ ከዘይት ጋር የበጠበጠው ቤንዚን ነበረው። ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ መቅዳት ጀመረ።

ሶልያና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሒሳቧን ትሠራ ነበር። ሽታው ሲደርሳት ቀና አለች።

«ጋሽ ተድላ፣ ዛትስ ኖት ዘ ራይት ፊዩል።»

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

«ዳዲ የራሱ ነዳጅ አለው። ፒንክ ነው።»

ተድላ ሳቀ። «ሞተር አይደለም እንዴ? ሞተር ቤንዚን ነው የሚጠጣው። እኔ ሞተር ስፈታ አባትሽ ገና ዳዴ ይል ነበር።»

ልጅቷ ወደ ሒሳቧ ተመለሰች። ከትልቅ ሰው ጋር መከራከር ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት።

እዚህ ላይ ተድላ ራሱ የነገረኝን ልጨምር። ሲቀዳ የካንዴላው ገመድ የት እንደሚሰካ ፈልጎ አጥቷል። ገመድ የለም፣ ባትሪም የለም። ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል ብሎ ትንሽ ቆም አለ። ስልኩ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው፤ ንጉሤን ኮል አድርጎ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ኢንጂነር የኮምፒውተር ሠራተኛን ስለ ሞተር ይጠይቃል? ክዳኑን ገጠመ።

ንጉሤ ሲመጣም አልነገረውም፤ ነገ ሞልቶ ሲያገኘው ይደሰታል ብሎ ነው። ብርነሽ በሳህን ዳቦ ሸፍና ሰጠቻቸው። ንጉሤ ውለታው ከብዶት «ጋሼ፣ ነገ አብረውን ይምጡና ሲበር ይዩ» አለ።

በማግስቱ ተድላ በባቡር ዩኒየን ሲቲ ሄደ፤ ከዚያ ሦስቱ በንጉሤ መኪና ሳን ሆዜ ዳር ወዳለው ሜዳ ወረዱ። ሶልያና ቀይ ጃኬት ለብሳ ነበር፣ ክንፉን ለመምሰል። መንገዱን ሙሉ አውራ ጣቶቿን አየር ላይ እያንቀሳቀሰች መንዳት ትለማመዳለች።

ሜዳው ላይ ንጉሤ ከሣጥኑ ሮዝ ፈሳሽ ያለበት ጋሎን አወጣ። ዝምተኛው ሰው ስለሚወደው ነገር ሲያወራ አንደበቱ ይፈታል።

«አዩ ጋሼ፣ ትልቁ ነገር የነዳጁ ምርጫ ነው። ይቺ ሞተር ብልጭታ የላትም። ካንዴላዋ ውስጥ ያለችው ሽቦ ሞተሯን ሲያስነሷት በባትሪ ትግላለች፤ ከዚያ ባትሪውን ቢነቅሉትም ነዳጁ ውስጥ ያለው አልኮል፣ ሜታኖሉ፣ እንደጋለች ያቆያታል። ዘይትም ለብቻው የላትም፤ ከነዳጁ ጋር የተቀላቀለ የጉሎ ዘይት ነው የሚያለሰልሳት። ኃይል እንዲሰጣት ትንሽ ናይትሮ ይጨመርበታል፣ እንደ ሞተሩ መጠን። ቤንዚን ቢገባባት ግን አትነሣም፤ ቱቦውንም ያሳብጠዋል፣ ፎም ካገኘ ደግሞ...» ሳቀ። «ፎም ካገኘ ይበላዋል።»

ተድላ ሮዙን ጋሎን አየና ልጅቷ «ፒንክ ነው» ያለችው ትዝ አለው። ያኔ መናገር ነበረበት። «ቆይ፣ አትክፈተው፣ አንድ ነገር አድርጌአለሁ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እኔ ይህን ስሰማ ተናድጄ ጠረጴዛ መትቻለሁ። እሱ ግን «አሃ» አለ። «ልክ ነው» አለ። ልክ ነው! ድሮም የሚያውቅ ይመስል።

ንጉሤ ቱቦውን ሲነካው አብጦ ተሰንጥቋል። አሸተተው። ፊቱ ተለዋወጠ። ክንፉን ያሠሩትን ላስቲኮች ፈትቶ ቢያነሣው፣ ከውጭ ቀዩ ልባስ ደህና ነው፤ ከሥሩ መሐሉ የለም። ከቱቦው የፈሰሰው ቤንዚን ሌሊቱን ፎሙን ውሃ እንደነካው ጨው አሟሙቶታል። የክረምቱ ሥራ እንዲህ ሆነ።

ንጉሤ ወደ ልጁ ዞረ። ወደ ማን ይዙር? ሞተር የሚያውቅ ሰው ሞተር ያበላሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል? የቤንዚን ሽታውማ ከተድላ ልብስ ሁልጊዜ የሚመጣ ነው።

«ከቤታችን የሣር ማጨጃ ጄሪካን ቀድተሽ ነው?»

«ኖ።»

«ልታግዢኝ ብለሽ ነው? ሶልያና፣ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«ኖ፣ ዳድ። አይ ዲድንት።»

ከዚያ አንድ ጊዜ ተድላን አየችው። ተድላ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያ ማሠር ጀመረ።

«ክንፉ ይሠራል፤ መዋሸትሽ ነው የከፋኝ» አለ ንጉሤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእንግዲህ ጋራዥ አትገቢም።»

አላለቀሰችም። የተበላውን ክንፍ አቅፋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አውራ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተኝተዋል። ተድላ ከፊት ነው። በመስተዋቱ እንዳያያት አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እያለ ተጓዘ። ትናገርብኛለች ብሎ ፈራ። ቆይቶ ደግሞ በተናገረችብኝ ብሎ ተመኘ። አልተናገረችም። ንጉሤ ይባስ ብሎ «ጋሼ፣ ቅዳሜዎን አበላሸንብዎት፣ ይቅርታ» አለው። ተድላም «ኧረ ምንም አይደል» አለ። ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ነበር፤ ይቅርታ ተቀብያለሁኮ፣ በራሴ ጥፋት እኔ ተለመንኩኮ እያለ።

ዩኒየን ሲቲ ባቡር ጣቢያው ጋ ወረደ። ደህና ዋሉ ተባባሉ። በሩን ዘጋው። ንጉሤ ማርሽ ሲያስገባ ተድላ መስኮቱን አንኳኳ።

«ንጉሤ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ ጋሼ?»

«ቤንዚኑን የሞላሁት። ባዶውን አልመልስም ብዬ። ልጅቷ አይሆንም ብላኝ ነበር፣ ሳቅሁባት። ሜዳው ላይም ሰምቼ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።»

ንጉሤ አፉን በእጁ ያዘ። ባህላችን ይቅደም የሚለውን አስቀደመ፤ «ምንም አይደል ጋሼ፣ ዕቃ ነው፣ ይሠራል» አለ። ከዚያ ነው ወደ ኋላ የዞረው።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ማር?»

ሶልያና ክንፉን እንዳቀፈች ነበር። ብዙ ጊዜ የማታወጣውን አማርኛዋን ለቃቅማ አወጣችው፤ ተድላም እንዲሰማት ይመስላል።

«ጋሽ ተድላ ይናገራል ብዬ። እየጠበቅኩት ነበር።»

ተድላ ባቡሩ ውስጥ ወንበር ሞልቶ እያለ ኦክላንድ ድረስ ቆሞ ሄደ። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። «ያች ልጅ አመነችኝኮ። እኔ የጫማ ክር ሳሥር እሷ እየጠበቀችኝ ነበር።» የማጽናኛ ቃል ብዙም አልፈለግሁለትም።

ንጉሤ አዲስ ፎም ገዛ፤ አባትና ልጅ ጋራዡ ውስጥ እንደገና መቁረጥ ጀመሩ። ተድላ ግን ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። በሦስተኛው መጥቶ ኋላ ተቀመጠ፣ አንዱ «ኢንጂነር!» ሲለው «መካኒክ ነኝ» አለ። እንዲህ ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ስንወጣ ሶልያና ፓርኪንጉ ውስጥ ጠበቀችው። በእጇ የብርነሽን ሳህን ይዛለች፣ ያን ዓርብ ዳቦ የሄደበትን። ባዶ ነው። ከኋላዋ የቆመችው መቅደስ በሐፍረት ቀልታለች። «ጋሼ፣ እኔ ኬክ ላደርግበት ነበር፣ እሷ ናት እምቢ ያለችኝ፤ መጀመሪያ ይጠየቁ ብላ...»

ልጅቷ ሳህኑን ዘረጋች። ፊቷ ላይ ተንኮል የለም፤ የምሯን ነው የጠየቀችው።

«ጋሽ ተድላ፣ ምን ይደረግበት?»

ተድላ ሳህኑን አየው። ከዚያ ያ ትልቅ ሰው፣ ከልጅ ሳይሆን ከአባቱ እንደሚቀበል፣ ጎንበስ አለና ባዶውን ሳህን በሁለት እጁ ተቀበላት።