ጮክ ተብሎ የማይጸለይ ጸሎት

አቶ ሙለታ ሲናና ወረዳ ውስጥ ባለች አነስተኛ የወንጌላውያን አጥቢያ ዐሥራ አንድ ዓመት በሽማግሌነት አገልግለዋል። ስብከት አይሆንላቸውም። ሁለት ጊዜ ተሞክረው ሁለቱንም ጊዜ የተሰጣቸውን ሰዓት ሳያጋምሱ «እንግዲህ እንጸልይ» ብለዋል። ጸሎታቸው ግን ይወደዳል። በኦሮምኛ ይጀምሩና ሳያውቁት በአማርኛ ይጨርሱታል፤ የታመመውን ሰው በስሙ፣ የታመመችውን ላም በባለቤቷ ስም ይጠራሉ።

በሥራ ቀን አርሶ አደር ናቸው። የስንዴ ምርጥ ዘር የሚያባዙ ዐሥራ አራት ጎረቤታሞች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ሰብሳቢ አድርገው የመረጡት እሳቸውን ነው። የዘር ማሳ ንጹሕ መሆን አለበት፤ በየዓመቱም ከአጨዳ በፊት አንዲት ተቆጣጣሪ እየመጣች ታየዋለች። የገብስ ዛላ ከበዛበት ለዘር አይወሰድም፤ እንደ ማንኛውም ስንዴ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ አምና ገብስ በነበረበት መሬት ላይ ማንም እንዳይዘራ አቶ ሙለታ አባላቱን ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል።

ዘንድሮ ሕጉን የጣሱት እሳቸው ሆኑ። በማሳቸው ታችኛው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር፣ አምና ገብስ ነበር። ቦታው ትንሽ ነው፣ ምንም አይል ብለው ጨመሩት። በጥቅምት የገብሱ ዛላ ከስንዴው ቀድሞ ብቅ አለ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማናልበሽ ጋር ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብለው ነቀሉ። አልጨረሱትም።

«ተቆጣጣሪዋ የምትገባው በመንገዱ በኩል ነው፤ አምናም ወደ ታች አልወረደችም» አሉ ወይዘሮ ማናልበሽ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?»

ያስጨነቃቸው ጸሎታቸው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ተቆጣጣሪዋ ወደ ታች እንዳትወርድ ሲለምኑ ሰንብተዋል። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆመው ስለ አዝመራው ሲጸልዩ ያ ልመና አፋቸው ደርሶ ቆመ። ጎረቤት እንዲሰማው የማይፈልጉትን ነገር እግዚአብሔርን ሲለምኑ መክረማቸውን ያን ጊዜ አስተዋሉ። አሜን ሳይሉ ተቀመጡ። ሰዉ ያመማቸው መሰለው።

ተቆጣጣሪዋ ረድኤት ማክሰኞ ከሮቤ መጣች። የላይኛውን ጫፍ አየችና «አባባ ሙለታ፣ የእርስዎ መቼም ንጹሕ ነው» ብላ ወረቀቷን አወጣች።

«ወደ ታች እንውረድ፣ ልጄ።»

«ጭቃ ነው እኮ።»

«ቦት ጫማ አውስሻለሁ።»

ከኋላ የቆሙት አባላት ተያዩ። እሳቸው ጋ ከወረደች ሁሉም ጋ ትወርዳለች።

«አንተ ሰውዬ» አሉ ማሳቸው ከአቶ ሙለታ ጋር የሚዋሰነው አቶ ወዚር፣ «ጾምህን ለብቻህ ጹም፤ እኛን ለምን ታስርበናለህ?»

ረድኤት ወንዙ ዳር የገብሱን ዛላ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ሁለተኛው ምናልባት ቢቀንስላት ብላ ነበር። አልቀነሰም። የአቶ ሙለታ ማሳ ወደቀ። ጎርፍ ያሻገረው ገብስ በአቶ ወዚር ማሳ ላይም ተገኘ፤ ጥቂት ስለሆነ እንዲነቅሉት እስከ ዓርብ ቀን ሰጠቻቸው። የሌሎቹ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ወዚር ማሳቸው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ገብስ ሲነቅሉ አገኙ።

«የእናንተ ማሳ ወዲያ ነው» አሏቸው።

«የኛማ አለቀለት» አሉ ወይዘሮ ማናልበሽ ቀና ሳይሉ። «ገብሱ የኛ ነው ብሎ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝን ሰውዬ ጠይቀው።»

«ወላሂ፣ ሰው ተቀይሞ እንኳ አርፎ አይቀመጥም» አሉና አቶ ወዚርም አጎነበሱ።

ዓርብ የአቶ ወዚር ማሳ አለፈ። አባላቱ እዚያው ድንበሩ ላይ እንደ ቆሙ፣ አቶ ሙለታ «ሕግ የጣሰ ሰው ሕግ አያስከብርም፤ ሌላ ሰብሳቢ ምረጡ» አሉ። ጥቂት ጊዜ ተከራከሩ።

«አይሆንም» አሉ በመጨረሻ አቶ ወዚር። «ይቺ ልጅ ከእንግዲህ የምትጀምረው ከታች ነው። ይህን አምጥተህብን የት ትሄዳለህ? ቅጣትህ ይኸው ነው፤ ትቀጥላለህ።»

ማንም አልተቃወመም። ባልና ሚስቱ ወደ ቤት ተመለሱ።

«ግማሽ ሰዓት ያህል» አሉ ወይዘሮ ማናልበሽ መንገድ ላይ፣ «የለቀቁህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»