አዲስ ሸክም

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጅግጅጋ ውስጥ፣ በአንድ ሰፊ ግቢ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ናት። በሩ ላይ «ባፕቲስት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሰፈሩ ግን በደፈናው «ጴንጤዎቹ» ይለናል፣ እኛም አንከፋም። ከአባላቱ መካከል እዚህ የተወለደው ጥቂት ነው። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ሾፌሩም እንጀራ ፍለጋ ከመሀል አገር የመጣ ነው። አጎትና አክስት እዚያው ስለቀሩ በዓል ሲደርስ የምንሄድበት ዘመድ የለንም። ስለዚህ ገናን እዚያው ግቢ ውስጥ አብረን እናሳልፋለን። ከደገሀቡር በዋዜማው በሚኒባስ የሚመጡ አሉ። ከአፍደም አንድ መምህርና ባለቤቱ መኪና እየቀያየሩ አቧራ ለብሰው ይደርሳሉ፤ ልጆቹ «የዱቄት ሰዎች መጡ!» እያሉ ይቀበሏቸዋል።

እህቴ የተጠመቀችው እዚሁ ግቢ ነው። እኛ የምንጠመቀው ሙሉ ለሙሉ ውሃ ውስጥ ጠልቀን ስለሆነ፣ ውሃ በቦቴ ይገዛና አፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ሮቶ ውስጥ ይሞላል። ጅግጅጋ ውስጥ ያን ያህል ውሃ ዝም ብሎ አይደፋም። ተጠማቂዎቹ ሲወጡ በባልዲ እየተቀዳ ለግቢው ዛፎች ይሰጣል። እህቴ «የእኔ ኃጢአት ፓፓያው ውስጥ ነው ያለው» እያለች ትስቅ ነበር። ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች፤ እኔ የማፍረውን ሁሉ እሷ ትስቅበታለች።

እሷና ባለቤቷ ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ውጭ አገር የላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች ናቸው። የሄዱበትን አገር ስም አልጽፍም። ጉባኤ መካከልም አንጠራውም፤ «ማዶ» ነው የምንለው። እሱ ኮምፒውተር ያስተምራል፣ እሷ ስፌት። እዚያ ስለ እምነት በግልጽ መጻፍ አደጋ ስላለው መልእክታቸው ሁልጊዜ በተሸፈነ ቋንቋ ነው። ቤተ ክርስቲያን «ትልቁ ቤተሰብ» ትባላለች። «ጸልዩልን» በማለት ፈንታ «አስቡን» ይላሉ። እግዚአብሔርን «አባባ» ይሉታል። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ አለ፤ ሽማግሌያችን የሰቀሉት ነው። መልእክተኞቻችን ያሉበትን ለማሳየት መርፌ ገዝተው ነበር፣ ኋላ ግን አገሩ እንዳይታወቅ ሲባል መርፌውን ጅግጅጋ ላይ ሰኩት። እስካሁን እዚያው ነው።

እኚህ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሱ፣ ድምፃቸው ሞተር የለመደ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ «ከማዶ የሚመጣውን ዜና ከእንግዲህ አንቺ አንብቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ዓይን አፋርነቴን ለማከም እንዳሰቡ ገብቶኛል። መድኃኒቱ አልሠራም። ወረቀቱን ፊቴ ላይ ይዤ ስለማነብ የመዘምራን ወጣቶች «ዛሬ ወረቀቱ ጥሩ አነበበ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

አሁን የምተርከው የገና በዓል የደረሰው እናቴ በጉጉት በምትጠብቅበት ዓመት ነበር። የእህቴና የባለቤቷ የአገልግሎት ዘመን ከፋሲካ በኋላ ያበቃል፤ ሲያበቃ ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። እናቴ የእህቴን የድሮ ክፍል ቀለም አስቀብታለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቀለም የተቀባ ነገር ያ ክፍል ብቻ ነው። መጋረጃውን ደግሞ ከጎረቤታችን ሱቅ መርጣ ገዝታ፣ አልጋው ላይ አጣጥፋ አስቀምጣለች። ስትመጣ ነው የምሰቅለው ትላለች።

ሌላም ነገር ነበር፤ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው። እህቴ ካገባች ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልወለደችም። መጀመሪያ ላይ ጉባኤው በየረቡዑ ጸሎት ስሟን እየጠራ ይጸልይላት ነበር። በፍቅር ነው። እሷ ግን አንድ ቀን ደውላ «እባክሽ ከጸሎት ርዕሱ ላይ አስወጪኝ። ሆዴ የስብሰባ አጀንዳ ሆነ» አለችኝ። እየሳቀች ነበር የጀመረችው፣ መጨረሻው ግን ሳቅ አልነበረም። ለሽማግሌው ሄጄ ነገርኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉባኤው መካከል ተነሥቶ አያውቅም።

የገና ዕለት ጠዋት መልእክቷ በስልኬ ገባ። ልጆቹ የእረኞቹን ድራማ ከሠሩ፣ ምሳም ከተበላ በኋላ ቆሜ አነበብኩት።

«ትልቁ ቤተሰባችን፣ እንኳን አደረሳችሁ። እኛ ደህና ነን። እዚህ በዓሉን የሚያውቀው የለም፤ እኛ ግን ሩዝ ቀቅለን፣ የእናንተን መዝሙር ከስልክ ከፍተን በላን። ተማሪዎቼ ኪስ መስፋት ችለዋል፤ ኪሶቹ ግን ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። አባባ አዲስ ሸክም ሰጥቶናል። ገና መጀመሪያው ስለሆነ ብዙ መናገር አልፈለግንም። ያቀድነው ሁሉ ሊለወጥ ይችላል። አስቡን።»

በእኛ ጉባኤ ሸክም የሚባለው በጀርባ የሚጫን ነገር አይደለም። አንድ ሰው ልቡ ለአንድ ሕዝብ ሲከብደው፣ ወደዚያ ሂድ ሂድ ሲለው፣ «ሸክም አለው» ይባላል። ስለዚህ ሽማግሌው አንብቤ ሳልቀመጥ ተነሡ።

«ሰማችሁ? አዲስ ሸክም! ከማዶም ማዶ አለ ማለት ነው። ወደ ሌላ አገር ሊያልፉ ነው!»

እልልታው የቆርቆሮውን ጣሪያ አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ መጥተው እናቴን አቀፏት። «የተባረክሽ እናት» አሏት። እሷም «አሜን፣ አሜን» አለች። ቀና ብዬ ሳይ ግን መቀመጫዋ ባዶ ነበር። ከኋላ በኩል ወጥታ፣ ማንም እጠቢ ሳይላት፣ የተቆለለውን ሳህን ማጠብ ጀምራለች። ቀዝቃዛው የጅግጅጋ ንፋስ ነጠላዋን እየገፈፈ፣ እሷ አንዱን ሳህን ደግማ ደጋግማ ታጥባለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አለቀለቅሁ።

ቤታችን እንደተመለስን ጎረቤታችን ለእንኳን አደረሳችሁ መጣች። ግድግዳ የምንጋራ፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ናት። እናቴ በሶማልኛ «አባዮ» ትላታለች፣ እህቴ እንደማለት ነው፤ እሷም እናቴን እንዲሁ። በዓላችን ሲሆን ሥጋ ባልነካው ድስት ለእሷ የሚሆን ይሠራል። የእሷ በዓል ሲሆን ቴምርና ሐልዋ ይመጣልናል። አማርኛን የተማረችው ከገዢ ጋር ስትከራከር ስለሆነ ቃል አታባክንም። ገብታ እንደተቀመጠች የእናቴን ፊት አየች።

«አባዮ፣ በበዓል ቀን ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች እናቴ፣ «ሽንኩርቱ ነው።»

«ሽንኩርቱ ጠዋት አለቀ፤ ሽታው በግድግዳው መጥቶልኛል። አንቺ ልጅ፣ ምን ሆናለች?»

እኔ ነገርኳት። እህቴ መልእክት ላከች፣ አዲስ ሸክም አለኝ አለች፣ ስለዚህ ወደ ሌላ አገር መሄዷ ነው፣ አትመለስም አልኳት።

«አዲስ ምን?»

«ሸክም።»

«ማን አሸከማት?»

«አባባ። ማለት… እግዚአብሔር ነው። አባባ ስትል እግዚአብሔርን ማለቷ ነው።»

ጎረቤታችን የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «እግዚአብሔር ያሸከማት? ታዲያ እርጉዝ ናት በይኛ!»

ፊቴ ጋለ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም፣» አልኩ፣ «በእኛ ቋንቋ ሸክም ማለት ልብ ለአንድ ሕዝብ ሲከብድ…»

«የእናንተ ቋንቋ አማርኛ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ ግን…»

«ባል ያላት ልጅ ከሩቅ አገር ለእናቷ ‹አላህ ሸክም ሰጠኝ› ካለች ምን ልትሸከም ነው? ጆንያ? ሌላስ ምን አለች?»

«ገና መጀመሪያው ስለሆነ ብዙ መናገር አልፈለግንም አለች።»

ይህን ስል የራሴን ድምፅ ሰማሁት። እናቴም ሰማችው። ጎረቤታችን መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ አየችን። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ከዓይኗ ላይ አንሥታ «ጠይቂያት» አለችኝ።

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃት፣ እማዬ?»

«አፍ የለሽም?» አለች ጎረቤታችን።

እውነት ለመናገር፣ እንዲህ ላለ ነገር አፍ የለኝም። ስልኩን አነሣሁ። ካልሆነስ? ቁስሏን መንካት ነው። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ በእሷው ቋንቋ ተሸፍኜ «ሸክሙ ስንት ወሩ ነው?» ብዬ ላክሁ።

አየችው። መጻፍ ጀመረች፣ ተወችው። ደግማ ጀመረች። በመጨረሻ በድምፅ መጣ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለመለየት ስልኩን ወደ ጆሯችን አስጠጋን።

«ሦስት ወሩ» አለች። «አሁን ነው የሚገባችሁ? እኔ እኮ እንደዚያ የጻፍኩት ጉባኤው ሳይገባው ለእማዬ ብቻ እንዲገባት ብዬ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ዝም ስትሉኝ የተቀየማችሁ መስሎኝ…»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ቤተ ክርስቲያን በዝቶብኝ ነው፣ ልጄ» አለች፣ ስልኩ እየቀዳ እንዳልሆነ ሳታስተውል። «ቤተ ክርስቲያን በዝቶብኝ እኮ ነው!» ጎረቤታችን ተነሥታ እልል አለች። የእሷ እልልታ ከጉባኤው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

መልሰን ስንደውልላት እህቴ ለመውለድ እንደምትመጣ ነገረችን፤ የተለወጠው ዕቅድ ይህ ነበር። ከወለደች በኋላ ግን ከቤተሰቧ ጋር ወደ ማዶ ትመለሳለች፣ ዘመኑም ይራዘማል። ይህንን ስትሰማ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ መለሰች። አንድ ነገር ደግሞ እህቴ አስማለችን፦ ራሷ መጥታ እስክትታይ ለጉባኤው እንዳንናገር። ዳግመኛ አጀንዳ መሆን አልፈለገችም።

በዚህ ምክንያት ያን ወቅት ሁሉ ጉባኤው ስለ አዲሱ አገር ጸለየ። ሽማግሌው ካርታው ፊት ቆመው እጃቸውን ከአህጉር አህጉር እያሳለፉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

«ጌታ ሆይ፣ የተዘጋው በር ይከፈት!»

«አሜን!» ትላለች እናቴ፣ ከሁሉ ቀድማ።

«የሰጠሃቸው ሸክም ከመንገድ አይቅር፣ እስከ ፍጻሜው ይድረስ!»

«አሜን! አሜን!»

«ጊዜው ሲደርስ በሰላም ይግቡ፣ በሰላም ይውጡ!»

እናቴ እንባዋ እየወረደ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሰዎቹ «ምን ዓይነት ልብ ነው!» ይላሉ። እኔ አጠገቧ አንገቴን ደፍቼ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ሳቄን ለመያዝ ነው፣ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ከእነዚያ ጸሎቶች አንዱ እንኳ የተሳሳተ አድራሻ የሄደ አይመስለኝም።

ከፋሲካ በኋላ መጡ። እህቴ ሆዷ ቀድሟት አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ሽማግሌው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ካርታውን አዩ። ልጅቷ ተወልዳ ለቡራኬ ወደ መድረክ ስትወጣ ተቀብለው አቀፏት። እኛ ሕፃን አናጠምቅም፤ በጉባኤው ፊት እንባርካለን እንጂ። ፊቷን እያዩ «ስንዞርሽ የከረምነው አገር አንቺ ነሽ?» አሏት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ደግሞ መጋረጃውን ሰቅላለች፤ ጎረቤታችን በየጠዋቱ ለአራሷ የግመል ወተት ይዛ እየገባች ሕፃኗን «የኔ ጆንያ» ትላታለች።

የመሄጃቸው ቀን ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሁሉም ተሰናብቶ፣ እናቴ ብቻ ሕፃኗን አዝላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እህቴ እጇን ዘርግታ ጠበቀች፣ ኋላ መለሰችው። ሹፌሩ ሰዓቱን አየ። እኔ መጋረጃውን በመስኮት አያለሁ። ጎረቤታችን ወደ እናቴ ጠጋ ብላ የአንቀልባውን ጠፍር በቀስታ ነካች።

«አባዮ፣ አውርጂያት» አለቻት። «ይከብድሻል።»

«ቆይ» አለች እናቴ። «ትንሽ ልሸከማት።»